የአባቴ የለንደን አድራሻ

ሰኞ

“ሁለተኛው አዋቂስ?” አለችኝ ጄማ፣ የቤት ኪራይ ኤጀንቷ። ምን ሁለተኛ? ያለነው እኔና ሐያት ብቻ ነን። ሐያት ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አዋቂ የምትሆነው ስትቆጣ ብቻ ነው። ጄማ ስክሪኗን ወደ እኔ አላዞረችም። ክሬዲቴን፣ የብድርና የክፍያ ታሪኬን፣ ቼክ ሲያደርጉ ከስሜ ጋር የተያያዘ አንድ ሚስተር ወጥቷል፤ እሱም መታወቂያውን ይዞ መጥቶ መፈረም አለበት፤ አብሮኝ የማይኖር ከሆነ ደግሞ ይህን በወረቀት ማሳየት አለብኝ። ስሙን ንገሪኝ አልኳት። አልችልም፣ የሰው ምስጢር ነው አለች። የራሴን ክሬዲት ሪፖርት አውጥቼ እንዳየው መከረችኝ።

የሰው ምስጢር! ከእኔ ጋር የተያያዘ፣ ከእኔ የተደበቀ።

እስከሚመጣው ማክሰኞ ጊዜ ሰጥታኛለች። ከኋላዬ ሌላ ቤተሰብ ተሰልፏል።

ቤቱን ወድጄዋለሁ። ሼፈርድስ ቡሽ፣ ከገበያው ጀርባ፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ። ወለሉ ትንሽ ያዘነብላል፤ እንቁላል ብታስቀምጪበት ይንከባለላል። ግን ሁለት መኝታ ቤት አለው። ሐያት ከተወለደች ጀምሮ የምትዘጋው የራሷ በር ኖሯት አያውቅም። አሁን ያለንበትን ቤት ባለቤቱ ሊሸጠው ስለሆነ ወሩ ሲያልቅ መልቀቅ አለብን። ያኛው ካመለጠን የሚጠብቀን ካውንስሉ፣ የሰፈሩ አስተዳደር፣ የሚሰጠን ጊዜያዊ ክፍል ነው፤ እሱም ለንደን ውስጥ መሆኑን ማንም ቃል አይገባልኝም። ሐያት ከትምህርት ቤቷ ልትነቀል ነው ማለት ነው።

ባስ ውስጥ ሆኜ ማን ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ።

የሐያት አባት? አይሆንም። ስዊድን ከገባ ቆየ። እዚህ እያለም አንድ ቢል በስሙ መጥቶ አያውቅም፤ በዚያ በኩል ጠንቃቃ ነበር።

ሌባ? ምኔን ሊሰርቅ?

ሞክሼ? ሶፊያ ሙክታር የምትባል ሌላ ሴት አትጠፋም፤ ለንደን ሰፊ ነው። ግን ሴት አይደለችም፤ ሚስተር ነው።

ሪፖርቱን ዛሬውኑ ማየት እችል ነበር። ፈራሁ። ባየሽው ቁጥር ነጥብሽ ይቀንሳል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የፈራሁት ነጥቡን አይመስለኝም።


ማክሰኞ

ሥራ ቦታ ትዕግስትን አማከርኳት። ሂትሮው አጠገብ ለአውሮፕላኖች የሚጫነውን የምግብ ትሪ አብረን ነው የምናደራጀው። ትዕግስት ጴንጤ ናት፤ አምና በሞርጌጅ ቤት ገዝታለች፤ ከዚያ ወዲህ ሁላችንም በብድር ነገር የምንጠይቀው እሷን ነው።

ሳቀችብኝ። ራስሽ ስታዪው ምንም አይቀንስም፣ የሚጎዳው ብድር ደጋግመሽ ስትጠይቂ ነው አለች። መዝገቡን የሚይዙት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፤ ሦስቱም በነጻ የማሳየት ግዴታ አለባቸው። ሦስቱንም እዪ፣ አንዱ ጋ ያለው ሌላው ጋ ላይኖር ይችላል። የመጀመሪያው ወር ነጻ ነው ብሎ የካርድ ቁጥር የሚጠይቅሽን ገጽ ዝጊው። “ነጻ ከሆነ ካርዴን ምን ያደርግለታል ብለሽ ጠይቂ” አለች። ይኼን እንኳ ሳትነግረኝም አውቀዋለሁ፤ ግን አመሰገንኳት።

በምሳ እረፍት ስልኬን ይዤ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባሁ። ስሜን፣ የትውልድ ቀኔን፣ አድራሻዬን ሞላሁ። ቀጥሎ እኔነቴን ለማረጋገጥ ጥያቄ ጠየቀኝ። የመጀመሪያው፣ ከእነዚህ መንገዶች የትኛው ላይ ኖረሻል የሚል ነበር። ሃርልስደን ያለውን መንገድ መረጥኩ፤ አለፈ። ሁለተኛው፣ ከሚከተሉት ሰዎች ከእርስዎ ጋር በሒሳብ የተያያዘው ማን ነው?

አንድ የእንግሊዝ ስም። አንድ የፖላንድ የሚመስል ስም። ከዚያ ሙክታር ይመር። ከዚያ “ማንም የለም”።

ሙክታር አባቴ ነው። ይመር አያቴ ነው። የእንግሊዝ ወረቀቴ ላይ ሶፊያ ሙክታር ብቻ ነው የሚለው፤ የአያቴን ስም እዚህ አገር ለማንም ባለሥልጣን ሰጥቼ አላውቅም። ይመር የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ ደግሞ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ለንደንንም ረግጦ አያውቅም።

እጄ ላይ የፕላስቲክ ጓንት እንዳለ “ማንም የለም” የሚለውን ተጫንኩ።

መልስዎ ከመዝገባችን ጋር አልተስማማም፣ ነገ ይሞክሩ አለኝ።

ወደ ትሪዎቹ ተመለስኩ። ትዕግስት አየሽው ወይ አለችኝ። ኔትወርክ የለም አልኳት።


ረቡዕ

ዛሬ ጥያቄው ሲመጣ አባቴን መረጥኩ። ቢስሚላህ ብዬ። ገጹ ወዲያው ተከፈተ።

ከሥራ መጥቼ፣ ሐያት ከትምህርት ቤት ሳትመለስ፣ ኩሽና ቆሜ ነው ያነበብኩት። መቀመጥ አስጠላኝ። የባንክ ካርዴ በሰዓቱ የተከፈለ፤ የስልኬም እንዲሁ። ነጥቤ ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለትዕግስት ፎቶ አንስቼ እልክላት ነበር። ወደ ታች ስወርድ “ተያያዥ ሰዎች” ይላል። ከሥሩ አንድ ስም ብቻ። ሙክታር ይመር። የጋዝና የመብራት ሒሳብ፣ በጋራ። የመጀመሪያው አድራሻ ሃርልስደን፣ ያቺ ብቻዬን የገባሁባት የመጀመሪያዋ ክፍል። ቀጥሎ ሐያት ዳዴ ያለችበት ቤት። ቀጥሎ ይህ የቆምኩበት ኩሽና። በሄድኩበት ሁሉ አብሮኝ ተነስቷል። አንድም ቤት አልቀረም። ከጎኑ ደግሞ ሒሳቡ አሁንም የሚሠራ መሆኑ ተጽፏል።

እጄን ዕቃ ማጠቢያው ላይ ደግፌ ቆየሁ።

ሐያት ስትወለድ ሊመጣ ፈልጎ ነበር። ኮልፌ ያለውን የልብስ ስፌት ሱቁን ለኑሩ ለወንድሜ አደራ ሰጥቶ፣ ሱፍ ለራሱ ሰፍቶ፣ ኤምባሲ ሄደ። ቪዛ ከለከሉት። ምክንያቱ ወደ አገሩ እንደሚመለስ አላሳመነንም የሚል ነበር። በስልክ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር፤ እኔን ሽማግሌውን ለንደን ደብቃ ምን ልታደርገኝ ኖሯል አለኝ። ይኸው። ገብቷል፤ እንዳሉትም አልተመለሰም።

ሐያት መጣች። አሳየኋት። ቦርሳዋን ሳታወርድ አነበበችው።

“አያቴ ኢዝ ሊትረሊ ሊቪንግ ዊዝ አስ” አለች፤ አብሮን እየኖረ ነው እኮ ማለቷ ነው። ከዚያ ፊቴን አየችና ቦርሳዋን አወረደች። ቆይታ ደግሞ በየት በኩል ነው የሚተኛው ብላ ጠየቀችኝ። ቀልዷን ነው። ግን ስትተኛ ወደ ግድግዳው ተጠግታ ተኛች፤ ሌላ ጊዜ ግድግዳው ይቀዘቅዘኛል ትል ነበር።


ሐሙስ

የቀሩትን ሁለቱን ኩባንያዎች አየሁ። ሁለተኛው ያውቀዋል። ሦስተኛው አያውቀውም፤ እኔና ቢሎቼ ብቻ ነን እዚያ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ቅር አለኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

የጄማ ኢሜይል መጥቷል፦ ነገሩ ከምን ደረሰ?

ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ሚስ ፐርልን አገኘኋት። ከታች ፎቅ የምትኖር ጃማይካዊት ናት፤ ጉልበቷን ታማለች፣ ወሬ ግን ያለ ጉልበት ይሄዳል። ልትለቁ ነው ሲሉ ሰማሁ አለችኝ። አዎ፣ አላህ ካለ ሼፈርድስ ቡሽ፣ የላይኛው ፎቅ አልኳት። ሊፍት አለው ወይ አለች። የለውም አልኩ።

“ለአባትሽ ከበድ አይልም?” አለች።

የትኛው አባቴ ብዬ ጠየቅኋት።

አይታው አታውቅም። ሽማግሌ መሆኑን ያወቀችው በሳሉ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ እኔ በሩን ዘግቼ ለሥራ ስወርድ፣ ከኋላዬ በደረጃው አናት ላይ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል። በጣም ሥነ ሥርዓት ያለው ሳል ነው አለች፤ በሽታ አይመስልም፣ ሰው መኖሩን እንደሚያስታውቅ ነው።

አባቴ “እህ፣ እህ” ሳይል ደጅ አልፎ አያውቅም። ሴቶች ያሉበት ቤት ወንድ ድምፁን አስቀድሞ ነው የሚገባው ይል ነበር። የራሱ ቤት እንኳ እንዲያ ነበር የሚገባው። እናቴ ማን አለብህ፣ ግባ እንጂ እያለች ትስቅበት ነበር።

ቧንቧው ይሆናል። የቆየ ቤት ነው፤ ጠዋት ቦይለሩ ሲነሳ ብዙ ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ለሚስ ፐርል ይኼንኑ ነገርኳት። እሷም ይሆናል አለች፤ ግን ወደ ላይ፣ ወደ በራችን አየች።


አርብ

የዕረፍት ቀኔ ነው። ሃርልስደን፣ እማማ ዘሀራ ዘንድ ሄድኩ። እዚህ አገር ስገባ ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው። የአያቴን ስም የሚያውቅ ሰው ለንደን ውስጥ ካለ እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ሌሊቱን ሳስበው ነው የመጣልኝ።

በራቸው ላይ እንደ ድሮው የወንድ ጫማ አለ፤ የተወለወለ። ባላቸው ሲያርፉ ሐያት እንኳ አልተወለደችም ነበር።

ሪፖርቱን በስልኬ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው አዩና ሳቁ።

“አባትሽን እኔ ነኝ ያስገባኋቸው” አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእሳቸው ወጥቼ ለብቻዬ ክፍል ስይዝ እንግሊዝኛዬ ለስልክ አይበቃም ነበር። ጋዝ ኩባንያው ጋ እሳቸው ደወሉልኝ። ማን ማን ነው የሚኖረው ብለው ሲጠይቋቸው እማማ ዘሀራ የዋህ መስለው እንዲህ አሉ፤ አባቷም አብረዋት አሉ። ስም? ሙክታር። ሙክታር ማን? ያኔ ስለ ቤተሰቤ ጠይቀውኝ የነገርኳቸውን አስታውሰው ይመር አሉ።

“ብቻዋን ያለች ልጅ ናት ብዬ ለማላውቀው ሰው ልናገርብሽ ነበር? ወንድ የሌለበት ቤት እንደሆነ ካወቁ አንዱ ቆጣሪ ላንብብ ብሎ ይገባል፣ አንዱ ቧንቧ ልይ ብሎ ይገባል። ይኸው እስከ ዛሬ ማን በርሽን ደፈረ?”

ማንም አልደፈረም። እውነታቸውን ነው።

እኔም ሳቅሁ። ቤት በቀየርኩ ቁጥር ሒሳቡን ወደ አዲሱ አድራሻ አዛውሩልኝ ነው የምለው፤ እነሱም እሱን አብረው ያዛውሩታል። ቢሉን ደግሞ ስልክ ላይ እከፍላለሁ እንጂ ማን ስም ያነባል። በቃ፣ ተፈታ። ጂንም የለ፣ ሌባም የለ።

ልወጣ ስል ግን የሚስ ፐርልን ነገር አወራሁላቸው። እንዲስቁ ብዬ ነው። አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

ለአባቴ ለቅሶ ተቀምጬ እንደሆነ ጠየቁኝ። የት እቀመጣለሁ? የሞተው ያኔ ኮሮና ሁሉንም ቤቱ ውስጥ የዘጋ ጊዜ ነበር። አውሮፕላን የለ፣ ሰው ሰው ቤት አይገባ። ኑሩ በስልክ ነገረኝ፤ እማማ ዘሀራም በስልክ አጽናኑኝ። ስልኩን ዘግቼ ለሐያት ፓስታ ሠራሁላት። ሳታይብኝ ሽንት ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ ነበር፣ ግን አልመጣልኝም። ከዚያ በኋላም አልመጣልኝም።

“ያልተለቀሰለት ሰው የት ይሂድ?” አሉ እማማ ዘሀራ። ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት።

ስወጣ ያንን ጫማ ላለመንካት በጎን ዞሬ ወጣሁ።


ቅዳሜ

ጋዝ ኩባንያው ጋ ደወልኩ። አባቴን ከሒሳቡ አውጡልኝ አልኩ። ልጁ ትሑት ነው። የጋራ ሒሳብ ስለሆነ የሚስተር ይመር ፈቃድ ያስፈልገናል፤ አጠገብሽ ካሉ ስልኩን ስጪያቸው አለኝ።

አጠገቤ የለም አልኩ።

መቼ ይመለሳሉ?

“ሞቷል” አልኩ። በእንግሊዝኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያልኩት። ልጁ አዘነልኝ፤ ወደ ሌላ ክፍል አዛወረኝ፣ እዚያ ያለችው ደግሞ ይበልጥ አዘነችልኝ። መቼ እንደሞተ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የኪቦርዷ ድምፅ ቆመ። እንግዳ ነገር ነው አለች፤ የቆጣሪው ንባብ በየወሩ የሚገባው በእሳቸው ስም ነው፤ ባለፈው ወርም ገብቷል።

ሐያትን ጠየቅኋት። በአፑ እሷ ነች የምታስገባው መሰለኝ። አንድ ጊዜ በበጋ አስገብቻለሁ አለች፤ ከዚያ ወዲህ አንቺ የምታደርጊው መስሎኝ ነበር። እኔ የአፑን ይለፍ ቃል እንኳ አላውቀውም። ምናልባት ቆጣሪው ራሱ ይልክ ይሆናል አለች። ምናልባት። ስማርት ነው ብለውኝ ነበር ሲገጥሙት።

ለማንኛውም የሞት ምስክር ወረቀት ላኪ ተባልኩ።

ኑሩ ጋ ደወልኩ። ምስክር ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አልኩት። እናቴ ከኋላ ማን ነው ስትል ይሰማኛል።

ወረቀት የለም። አላወጡም። ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው፣ ውሉ በአባቴ ስም ነው። ሞተ ብለው ካስመዘገቡ ውሉ እንደገና ይታያል፣ አካባቢው ደግሞ ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ አለ፤ እናቴን ምትክ ቤት ሳይሰጡ ቢያስወጧትስ? ስለዚህ ኪራዩን እስከ ዛሬ በአባቴ ስም ይከፍላሉ። ቀበሌ ሲጠይቅ አሞታል፣ ተኝቷል ይላሉ። ሰፈሩ በሙሉ ቀብሩን ሄዷል፤ ሰፈሩ በሙሉ ዝም ብሏል።

“አንቺ እዚያ ሞቷል በይ” አለኝ ኑሩ። “እዚህ ግን ዝም በይ።”

አፈሩን ያለበሱት እነሱ ናቸው። እዚያም አልሞተም፣ እዚህም አልሞተም። ታዲያ የት ነው ያለው?


እሑድ

ሌላ መንገድ አለ። ሪፖርቱን ያየሁበት ገጽ ላይ ከተያያዥ ሰው ለመላቀቅ የሚሞላ ቅጽ አለ። ቀላል ነው፣ በነጻ ነው። ምክንያት ይምረጡ ይላል፦ ተለያይተናል። ሒሳቡ ተዘግቷል። ሰውዬው ሞቷል። ይህን ሰው አላውቀውም።

ሞቷል የሚለውን ስነካው ምስክር ወረቀት ያያይዙ አለኝ። አላውቀውም የሚለውን ስነካው ምንም አልጠየቀኝም። ስም ጽፎ መላክ ብቻ።

ማክሰኞ ነገ ወዲያ ነው።

ሐያት አልጋው ላይ የጆሮ ማዳመጫዋን ሰክታ ተጋድማ ነበር። አንዱን ነቅላ ስክሪኑን አየችና፣ “ማሚ፣ ጀስት ቲክ ኢት። ሂ ዉድንት ማይንድ” አለች። ልክ ናት። አይቀየምም ነበር። የራሱን ሱፍ ፈትቶ የጎረቤት ልጅ ዩኒፎርም የሰፋ ሰው ነው። ለልጅ ልጁ በር ሲል ስሙን አይሰጥም? ይሰጣል።

አላውቀውም የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ከሥሩ ስሜን መጻፍ ነበረብኝ። ሶፊያ ብዬ ጻፍኩ። ሙክታር ብዬ ጻፍኩ። አላውቀውም የምለው ሰው ስም ፊርማዬ ውስጥ ተቀምጦ ያየኛል። አባት መካድ አልኩ ለራሴ። ለአንድ ክፍል ብዬ። ከዚያ ደግሞ የሐያትን ጀርባ አየሁ፤ የተኛችበት የእኔ ትራስ ነው፣ የደብተሯ ክምር የእኔ ጫማ ላይ ነው። “ላክ” የሚለው ቁልፍ ላይ ጣቴን አደረግሁ።

በሩ ውጭ፣ ደረጃው አናት ላይ፣ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለት ጊዜ።

ፀሐይ ነው ውጪው፤ ቀትር ነው። ቦይለሩ ጠፍቷል፤ ራሴ ነኝ ያጠፋሁት።

ሐያት ሁለተኛውን ማዳመጫ ነቀለች። “ማነው?” አለች።

ሄጄ ከፈትኩ። ማንም የለም። የሚስ ፐርል በር ተዘግቷል፤ በእሑድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ናት። ምንጣፉ ላይ ምንም የለም። ቀዝቃዛ አየር ብቻ። በሩን ይዤ ቆምኩ፣ እንግዳ እንደሚያስገባ ሰው ወደ ጎን ገለል ብዬ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አላውቅም። ሲበርደኝ ዘጋሁት።

ቅጹን አልላክሁትም። ፈርቼ ነው ወይስ አፍሬ ነው? ሁለቱም። ሐያት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።


ሰኞ

ለሥራ አረፍዳለሁ ብዬ ጄማ ቢሮ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ሚስተሩ አባቴ ነው፤ ሞቷል፤ እዚህ ኖሮ አያውቅም፤ አንዲት የማውቃቸው እናት ብቻዬን እንዳልታይ ብለው ነው ስሙን ያስገቡት፤ የሞት ወረቀት የለኝም፣ ላገኝም አልችልም። አላውቀውም ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ አልጻፍኩም። ይኼን የመጨረሻውን መናገር አልነበረብኝም፤ አመለጠኝ።

ጄማ ገብታ ከአለቃዋ ጋር ተነጋገረች። ጠበቃ ፊት ቃልሽ እውነት መሆኑን አረጋግጠሽ ፈርመሽ ካመጣሽ ለባለቤቱ አቀርባለሁ አለች፤ እሺ ይላል ብዬ ግን ቃል አልገባም።

ለሥራ ደውዬ ዛሬ ቀርቻለሁ አልኩ። ሃርልስደን ዋናው መንገድ ላይ ከስልክ ጥገና ሱቅ በላይ ያለ ጠበቃ አገኘሁ። ሽማግሌ ነው፣ ጉንፋን ይዞታል። ቃሌን ራሱ ተየበልኝ። እየተየበ ይጠይቀኛል።

“መሞታቸውን በምን አወቅሽ?”

“ወንድሜ ደወለልኝ።”

“አስከሬናቸውን አይተሻል?”

“አላየሁም።”

“መቃብራቸውንስ?”

“አላየሁም።”

ቀና ብሎ አየኝ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ሥራው ነው። ግን በዚያች ቅጽበት ራሴን ጠየቅሁ፤ እውነት በምን አወቅሽ፣ ሶፊያ?

ከዚያ ጮክ ብዬ እንዳነበው ሰጠኝ። አነበብኩ። አባቴ ሙክታር ይመር ሞቷል። ኮልፌ ተቀብሯል። ለንደን ገብቶ አያውቅም። ከእኔ ጋር አይኖርም። የመጨረሻው ላይ ድምፄ ጠፋብኝ፤ ጠበቃው ውኃ ሰጠኝና እንደገና አስነበበኝ። ፈረምኩ። አላለቀስኩም።

ወረቀቱን ለጄማ ወስጄ ሰጠሁ።

በመንገድ ላይ ለእማማ ዘሀራ ደወልኩ። ነገ ቤትሽ ዱዓ እናደርግላቸዋለን፣ ዝግጅት የለ ምን የለ፣ ቴምርና ሻይ ይበቃል አሉ። ዓመታት አልፈዋል እኮ እማማ፣ ሰው ምን ይላል አልኳቸው። “እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት በይ” አሉኝ።


ማክሰኞ

ለሥራ ስወጣ ደረጃው ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ምንም የለም። መውረድ አቃተኝ፤ ትንሽ ጠበቅሁ። ባሱ አመለጠኝ።

ከሰዓት በኋላ መጡ። እማማ ዘሀራ፣ ከእሳቸው ጋር ከመስጊድ የማውቃቸው ሴቶች፣ ትዕግስትም ራሷን በሻሽ ሸፍና መጣች፤ እኔ በራሴ ቋንቋ እጸልይለታለሁ አለች፤ ማንም አልተከራከራትም። ዕቃው ግማሹ ካርቶን ውስጥ ስለሆነ ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ሚስ ፐርል የሰው ጫማ ደረጃውን ሲሞላው አይታ ወጣች። ምንድን ነው አለች። አባቴ ሞቶ ነው አልኳት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። መቼ? ብላ ጠየቀችኝ። መልሴን ግን አልጠበቀችም፤ አቅፋኝ ገባች፤ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠች። ዛሬ ጠዋት አልሰማሁትም ነበር አለች ቀስ ብላ፤ ለእኔ ብቻ።

ያሲን፣ ለሙት የሚነበበው የቁርአን ምዕራፍ፣ ተቀራ። እማማ ዘሀራ ዱዓ አደረጉ፤ ሙሉ ስሙን እየጠሩ፣ ሙክታር ይመር፣ ሙክታር ይመር። በስልክና በወረቀት ላይ ሳይ የከረምኩት ስም በሰው አፍ ሲጠራ ሌላ ነው። ሐያት ሻይ ታዞራለች። ስለ አባቴ ጠየቁኝ፤ እንዴት ያለ ሰው ነበር አሉ። ስለ ስፌቱ ነገርኳቸው፣ ስለ ሱፉ፣ ኤምባሲው ስላለው ነገር። ሳቁ። ለቅሶ ቤት እንደሚሳቀው ነው የሳቁት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዓይኔ ግን ደረቅ ነው፤ አሁንም ደረቅ ነው። እማማ ዘሀራ በጎን ያዩኛል።

ስልኬ ጮኸ። ጄማ ናት። አላነሳም ብዬ ነበር፤ ሐያት አይኗን አፍጥጣ ስታየኝ አነሳሁ። ባለቤቱ እሺ ብሏል። ሐሙስ ቁልፉን መውሰድ እችላለሁ። አመሰገንኳት፣ ዘጋሁት። ሐያት አፏን በእጇ ያዘች። ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ።

“ቤቱን ሰጡን” አልኳቸው።

አልሐምዱሊላህ አሉ ሁሉም። እማማ ዘሀራ እጄን ያዙ።

“ለስንት ሰው ነው የሰጡሽ?” አሉኝ።

ሐያትን አየሁ።

“ለሁለት” አልኩ።

ያን ጊዜ መጣልኝ። በሰው ፊት፣ ድምፄን ሳልይዝ፣ አባቴን እየጠራሁ አለቀስኩ። ሴቶቹ ዝም በይ አላሉኝም።